ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ8

ጉራራ፣ ታኅሣሥ 2017። ዛሬ የቀሰቀሰኝ አምፖል ነው። ማታ መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ሳልዘጋው ተኝቼ ኖሮ፣ ሲመለስ ክፍሉ በአንዴ ቦግ አለ። ከሳሎን የእማማ ፍሪጅ አጉረምርሞ ተነሣ። ውጭው ገና ድንግዝግዝ ነው፤ ከአቦ በኩል የቅዳሴው ድምፅ በባሕር ዛፉ መሃል እየተቆራረጠ ይደርሰኛል። ፊቴን ታጠብኩ፤ የጉራራ ውሃ በታኅሣሥ ማለዳ ይናደፋል። ጋቢዬን ደርቤ፣ የትናንቱን ጉዞ ሳይበርድብኝ ልጻፈው ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

አንዴ ጢጥ አለች። ጥቁሩ ስክሪን ላይ፣ ሰዓትና ቀን አልተሞላም የሚል ነጭ መስመር መጣ፤ ለመቀጠል አንዱን ቁልፍ ተጫን ይላል። ተጫንኩ። የማስተካከያው ገጽ ተከፈተ። ዓመት 2017። ሰዓት 12:08። ቀና ብዬ የእማማን የግድግዳ ሰዓት አየሁ፤ አጭሩ ቆጣሪ 12 ላይ፣ ረጅሙ 2ን ሊነካ ምንም አልቀረው። ፈገግ አልኩ። ባለፈው የእህቴ ልጅ ሲነካካት በእኛው አቆጣጠር ሞልቶልኝ መሆን አለበት፤ ተባረክ ብዬ ገጹን ዘጋሁት።

ዊንዶውስ ይመጣል ስል ሌላ መስመር መጣ፦ የሚነሣበት ዲስክ አልተገኘም። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ያው። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ጎኗን መታ መታ አደረግኩ (ይህ የሬዲዮ ዘመን ልማዴ ነው፣ እስካሁን ያዳንኩበት ዕቃ የለም)። ያው። ከዚያ እንግዲህ ቁጭ ብዬ አየኋት።

ስለ እሷ ትንሽ መናገር አለብኝ። ወፍራም፣ ጥቁር፣ ክዳኗ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣ፣ በሹራብ ተጠቅልላ የገባች ናት፤ ያን ጊዜም ያገለገለች ነበረች። ዋናው ባትሪዋ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ግሉኮስ እንደተተከለበት ታማሚ ከግድግዳ ገመድ ሳትለይ ነው የምትኖረው። ውስጧ ያለው ዊንዶውስ 7 ነው። ሰው ሁሉ «ለምን አትቀይራትም?» ይለኛል። የማልቀይራት አባቴ ስላለባት ነው። ስለ የካና ስለ ቀበና የጻፈው፣ ያልታተመ ማስታወሻው፣ በ1990ዎቹ አራት ኪሎ አንዲት ጸሐፊ በቪዥዋል ግዕዝ ተይባለት፣ ከዲስኬት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደዚህች ላፕቶፕ የተሻገረ ነው። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን አልነበረኝም።

ጥፋተኛ ፍለጋ ስጀምር መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ተራራው ነው።

ትናንት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥቼ በጉራራ ሽቅብ፣ የእንጦጦን ጀርባ ይዤ በእግሬ ወጥቼ ነበር። ላፕቶፗ በጀርባዬ። ዳገቱ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሙኛል፤ ወገባቸው እስኪታጠፍ ነው የሚሸከሙት፣ ሰላምታዬን የሚመልሱት ከጭነቱ ሥር በዓይናቸው ነው። አንዲቷ ጭነቷን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ስታርፍ ቦርሳዬን አየችና «ምን ይዘሃል እንዲህ የሚያስተነፍስህ?» አለችኝ። ኮምፒውተር አልኳት። ከራሷ ጭነት ጋር አስተያየችና ሳቀች። ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ አያስፈልግም ነበር።

ያ ባሕር ዛፍ ሁሉ የችግር ልጅ ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 እዚሁ እንጦጦ ማርያም ሲነግሡ ጋራው የሀገር በቀል ዛፉን ወደ መጨረስ ተቃርቦ ነበር። ከተማይቱ ከፍልውሃው አጠገብ ከተቆረቆረች በኋላም የማገዶ ነገር አልላቀቃትም። በ1890ዎቹ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰዋል፤ በኛ ዘመን ቋንቋ አዲስ አበባ ፎርማት ልትደረግ ነበር። በ1880ዎቹ ከአውስትራሊያ ዘር የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ደረሰላትና ተረፈች። ዛሬ ውሃ ይጠጣል፣ ሌላ አያስበቅልም ተብሎ ይወቀሳል፤ ወቀሳው ልክ ነው፤ ግን እዚህ የተቀመጥነው በሱ ነው።

ጫፍ ላይ ስደርስ የኦብዘርቫቶሪው ነጫጭ ጉልላቶች ታዩኝ። ስፋታቸው አንዳንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉበት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ምልክት እንዲቀበል የተሠራው ጣቢያም እዚሁ ጋራ ላይ ነው። ከፍታው ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ሻይ ቤት ገብቼ፣ ሶኬት ለምኜ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጻፍኩ። ነፋሱ ጣቴን ስላደነዘዘው ከፊደሎቹ ሲሶው ስሕተት ነበር። ዘጋኋት፣ ወረድኩ፣ ማታ ጉራራ ገመዷን ሰክቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኳት።

ይህን ሁሉ ለእማማ ተከራይ፣ አምስት ኪሎ ለሚማረው ልጅ፣ በር ላይ ጥርሱን እየፋቀ ሳለ ነገርኩት። መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«ጋሼ፣ እንጦጦ ላይ ነው የከፈቷት? ሀርድ ዲስክ ከ3,048 ሜትር በላይ አይሠራም እኮ።»

ነገሩ እውነት አለው። የአብዛኛው ሀርድ ዲስክ መመሪያ ላይ የሥራ ከፍታ ወሰን ተብሎ የሚጻፈው 3,048 ሜትር ነው፤ የፈረንጅ 10,000 ጫማ መሆኑ ነው። ዲስኩ ሲሽከረከር የሚያነበው ጭንቅላት ብረቱን አይነካም፤ ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ በቀጠነች የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል፣ ጭንቅላቱም ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ካለ ይቧጭራል። አዲስ አበባ ራሷ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ እንጦጦ ጫፍ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ሽሮ የሚሠራ ሰው ያውቀዋል፦ እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ ደርሶ አያውቅም፣ በ92 አካባቢ ይፈላል። የላፕቶፕ ማራገቢያም እንዲሁ ነው፤ የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት አብዝቶ መሮጥ አለበት። ፋናቸው እንደ ወፍጮ የሚጮኸው የከተማችን አሮጌ ላፕቶፖች ይህም አለባቸው።

ተማሪው ጥርሱን ወደ መፋቅ ተመለሰ። እኔ ግን አለቀልኝ። የአባቴን ጽሑፍ በግማሽ ሰዓት ጉራ እንጦጦ ላይ ፍቄው መጣሁ ማለት ነው።

መገናኛ። ጥገና ቤት ፍለጋ፣ ከፈረንሳይ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ በቀበና፣ እንግሊዝ ኤምባሲንና የካ ሚካኤልን አልፌ። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ጫካው ውስጥ፣ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ፤ የዛሬ ዕቅዴ እሱን ማየት ነበር። በታክሲው መስኮት ጋራውን እያየሁ አለፍኩት። ቦርሳዬን እንደ ታመመ ልጅ ጭኔ ላይ ታቅፌያታለሁ፤ ረዳቱ «ወደ ታች አድርጉት ጋሼ» ሲለኝ አልሰማሁም አልኩ።

መገናኛ እንደ ሁልጊዜው ኮተቤ ካራ፣ ገርጂ፣ ሰሚት እየተባለ ይጮኻል። የመጀመሪያው ጥገና ቤት ደረጃ ሥር ያለ፣ ሁለት ሰው ከቆመበት ሦስተኛው የማይገባበት ቦታ ነው። ልጁ ከፍቶ መስመሩን አነበበ። ሩብ ደቂቃ አልፈጀበትም።

«ሀርድ ዲስኩ ዴድ ነው። ኤስኤስዲ እናስገባለት፣ ዊንዶውስ 10 ይጫናል፣ እስከ ምሳ ትወስዳለህ።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«ዴድ ነው አልኩህ እኮ።»

ያረጀ ዕቃ ይዞ መገናኛ መግባት እንዲህ ነው፤ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ልጁን አልቀየምኩትም። ከአሥር ላፕቶፕ ዘጠኙ ይህን መስመር ይዞ ሲመጣ ዲስኩ የሞተበት ሳይሆን አይቀርም፣ እሱም የሚበላው ቶሎ በመጨረስ ነው። ግን ካቻቢቴውን ሲያነሣ እጄ ክዳኗ ላይ ነበር። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሁለተኛው ሕንፃ ላይ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ። ጠረጴዛው ላይ የተበተነ ማዘርቦርድ፣ በእንቁላል ካርቶን ውስጥ በየጉድጓዱ የተለየ ብሎን፣ የሲጋራ እሳት የሚያህል መብራት ያላት መበየጃ። የምትሠራው ልጅ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች፣ ፀጉሯን በሻሽ የጠቀለለች ናት። ሳትከፍታት ጠየቀችኝ። ይህን ልብ አልኩ፤ ሐኪም ነው እንዲህ የሚያደርገው።

«ጋሼ፣ መጨረሻ በደንብ የሠራችው መቼ ነው?»

«ትናንት፣ እንጦጦ ላይ።» ስለ 3,048ም ነገርኳት። አዳመጠችኝ፣ አልሳቀችም።

«ማታ ተሰክታ ነበር ያደረችው?»

«አዎ።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ሌሊቱን ሙሉ። ንጋት ላይ ነው የመጣው።»

ሰካቻት፣ አበራቻት። ጢጥ። ያው ነጭ መስመር። ቁልፉን ተጫነች፣ የማስተካከያው ገጽ መጣ፣ እኔም እንደ ባለሙያ ጣቴን ዘርግቼ «ይኼ እንኳ ልክ ነው፣ የእህቴ ልጅ በኛ ሞልቶልኛል» አልኳት።

ልጅቷ ገጹን አየች፣ እኔን አየች።

«ጋሼ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

እጄ ላይ አየሁ። «አራት ከሩብ።»

«እሷስ ስንት ትላለች?»

12:01።

«ቀኑንስ ያነቡልኛል?»

አነበብኩ። ጃንዋሪ 1፣ 2017። ጠዋት ዓመቱን እንጂ ወሩን አላየሁም ነበር። ያ 2017 የኛ አይደለም፤ የፈረንጅ ነው፣ እሷ እንዳለችው የላፕቶፗ ባዮስ የተጻፈበት ዓመት። ሁሉ ነገር ሲጠፋባት የምትመለስበት የልደት ቀኗ በሉት። 12 ሰዓቱም የንጋት አይደለም፤ የፈረንጅ እኩለ ሌሊት፣ ማለትም ዜሮ ነው። ፈረንጅ ቢሆን 2024ን ጠብቆ 2017ን ሲያይ፣ ሲነጋ እኩለ ሌሊትን ሲያይ፣ ወዲያው ይነቃ ነበር። እኔ ግን በአገሬ ቀንና ሰዓት ልክ ሆና አገኘኋትና መረቅኋት።

«ስምንት ደቂቃዋ ምንድን ናት ታዲያ?» አልኳት።

«መብራት በመጣ በስንት ደቂቃ ከፈቷት?»

አምፖሉ፣ ፍሪጁ፣ ፊት መታጠቡ፣ ጋቢው። ስምንት ደቂቃ። መብራቱ ሲመለስ ሰዓቷ ከዜሮ መቁጠር ጀምራ፣ እኔ እስክደርስ ስምንት ቆጥራ ጠበቀችኝ።

ጀርባዋን ፈታችው። ብሎኖቹ ወደ እንቁላል ካርቶኑ ሄዱ። ከማዘርቦርዱ ጥግ በጥቁር ላስቲክ የተጠቀለለች፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ያላት ድቡልቡል ነገር አወጣች፦ የሲሞስ ባትሪ። ላስቲኩን በጥፍሯ ቀደደችው። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ቁጥሩ መጠኗ ነው፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። (እንጦጦ 3.2 ኪሎ ሜትር፣ ባትሪዋ 3.2 ሚሊ ሜትር፤ ከመቀመጫዬ ሆኜ ይህን በማሰብ ተጽናናሁ።) 3 ቮልት መያዝ አለባት። በቴስተሩ ነካቻት፤ ቁጥሩ ትንሽ ተንገዳግዶ 1.1 ላይ ቆመ።

ነገሩን ስትተነትንልኝ እንዲህ ነው። ይህች ባትሪ ላፕቶፗ ጠፍታ ሳለ ሰዓቷን ታስቆጥራለች። ዋናው ባትሪ ደህና ከሆነ፣ ወይም ገመዱ ከተሰካ፣ ብትደክምም አይታወቅባትም። የእኔዋ ዋና ባትሪ የለም። ትናንት ከእንጦጦ ስወርድ እየተንጠፋጠፈች፣ ማታ ገመድ አገኘች፤ መብራት ሲሄድ ግን ሌሊቱን ብቻዋን ቀረች። ብርድም የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ የጉራራ ሌሊት የራሱን ድርሻ አዋጥቷል። ሰዓቷ ጠፋ። አብሮም የባዮሷ ማስተካከያ ሁሉ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ፣ ጉዳቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ 7ን የጫነልኝ ሰው በድሮው መንገድ፣ በሌጋሲ ነው የጫነው። የፋብሪካው ማስተካከያ ደግሞ የሚፈልገው በአዲሱ፣ በዩኢኤፍአይ ነው። ልጅቷ ከዝርዝሩ ውስጥ ዲስኩን በጣቷ አሳየችኝ፤ ስሙም፣ 500 ጊጋውም ተጽፏል።

«ዲስኩን ታየዋለች። በየት በር እንደምትገባ ነው የጠፋባት።»

ዲስኩን አውጥታ ጆሮዋ አጠገብ ያዘችው፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ በገመድ አያያዘችው። የሚሞት ዲስክ ይንኳኳል አለችኝ፤ ይህ አልተንኳኳም። ከምንም በፊት ፋይሉን እናውጣ ብላ የአባቴን ፎልደር ወደ ፍላሽ ገለበጠችው። ሲያልቅ አንዱን እንይ ብላ ከፈተችው። ስክሪኑ ላይ የፈረንጅ ፊደል ስብርባሪ፣ ነጥብና ጭረት የተጫነበት፣ ከላይ እስከ ታች ፈሰሰ።

ሆዴ ባባ። እሷም ፊቷ ተለወጠ፤ ፋይሉ የተበላሸ መስሏት ነው። እዚህ ላይ ግን የማውቅ እኔ ነበርኩ። የቪዥዋል ግዕዝ ዘመን ፎንቶች የኛን ፊደል የሚያሳዩት በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ፎንቱ የሌለበት ማሽን የሚያየው ከሥር ያለውን ላቲን ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኛላ የሚባለውን ፎንት ዊንዶውስ ይዞ የመጣው ደግሞ ከቪስታ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2007። በመሃሉ የተየበ ሰው ሁሉ፣ አባቴን ጨምሮ፣ ጽሑፉን ለአንድ ፎንት አደራ ሰጥቶ ነው የሄደው። ደረጃው ሥር ያለው ልጅ ዲስኩን ቢያወጣው ኖሮ ፎንቱም አብሮ ይወጣ ነበር።

«ፎንቱ ያለው እሷው ላይ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ትነሣ።»

አዲስ ባትሪ አስገባች። ዋጋዋ ከአንድ ማኪያቶ ብዙ አይርቅም፤ የእጅ ዋጋው ይበልጣል፣ መብለጥም አለበት። ፋኑን ፈታ በብሩሽ ስትጠርገው የወጣው አቧራ ሳይሆን ጥላሸት ነው፤ የእማማ ባሕር ዛፍ ጭስ፣ ዕጣን፣ የመንገድ ጋዝ፣ አንድ ላይ ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ። እሱን በወረቀት ጠቅልላ «ለማስታወሻ» ብላ ሰጠችኝ። አድናቆት ይሁን ተግሣጽ አልለየሁትም። ከዚያ ሰዓቱን ሞላች፣ በሩን ወደ ሌጋሲ መለሰችው፣ አስቀምጣ ወጣች።

ጢጥ አላለችም። አራቱ የዊንዶውስ ቀለሞች ከጨለማው ውስጥ እየተሽከረከሩ መጡ። የአባቴን ፋይል ከፈትኩ። «ቀበና በክረምት» ይላል፣ በዚያ ወፈር ባለ የድሮ ፊደል፣ አራት ነጥቡ ከየቃሉ ትንሽ ራቅ ብሎ። ልጅቷ ከትከሻዬ ላይ ጥቂት መስመር አነበበችና «የዚህን ሰፈር ነው እንዴ የጻፉት?» አለችኝ። የቤቷ ወገን ቀበና ድልድይ አጠገብ እንደ ነበር ነገረችኝ። በራሷ ፍላሽ ላይም ከፎንቱ ጋር ገለበጥንላት። አሁን ሦስት ቅጂ አለ።

ጉራራ፣ ማታ። ዋሻ ሚካኤል ለነገ ተላልፏል። እማማ ቡና እያፈሉ «ሞተች አላልክም?» አሉኝ። ባትሪዋን፣ ከኪሴ፣ በመዳፋቸው አኖርኩላቸው። አገላብጠው አዩዋትና «ይቺው ናት?» ብለው መለሱልኝ። ተማሪው ስለ 3,048 ሜትሩ ሲጠይቀኝ ሕጉ ልክ ነው፣ ወንጀለኛው ግን ሌላ ነው አልኩት። ትንሽ ቅር አለው።

ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።

ጎኔን እያገላበጥኩ አደርኩ። አምፖሉ ቦግ ሲል ፊቴን ሳልታጠብ ተነሥቼ ከፈትኳት። የግድግዳው ሰዓት 12 ከ10 ይላል። የእሷ 6:10። በስድስት ሰዓት ተለያይተዋል። ወንበሩን ሳብኩና ተቀመጥኩ።